ጥላ ለወረሰው ጓሮ እንሶስላ

ባለፈው ወር ስለ አገር በቀል አበቦች ስጽፍ እንሶስላን በሁለት መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እሱ ሆኑ። በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችን እንሶስላን የምናውቀው በእናቶቻችንና በአክስቶቻችን እጅና እግር ላይ ነው፤ ሥሩን እንጂ አበባውን ያየ ሰው ብዙ አይደለም። አበባውን አንዴ ያየ ደግሞ አይረሳውም። ስለዚህ የዚህ ወር ዐምድ፣ ከአንዲት ጥያቄ በስተቀር፣ የእንሶስላ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወርዱ ባለ የቆየ ግቢ ውስጥ ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ በግድግዳውና በድንጋይ አጥሩ መካከል፣ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቦታ አለ። ድሮ ጽጌረዳ ነበረበት። ከአጠገባችን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ከተሠራ ወዲህ ፀሐይ ጠፋ። ጽጌረዳው እየቀጠነ ሄዶ ሞተ፤ በእሱ ፈንታ የተከልኩትም አበባ ሦስት ወር አልቆየም። አሁን ድንጋዩን ሽበት ለብሶታል። በየዓመቱ ችግኝ መግዛት ሰልችቶኛል። አንዴ ተክዬው በየዓመቱ የሚመለስ፣ ጥላ የማይጠላ፣ ሲያብብ ደግሞ ሰው የሚያስቆም አበባ እፈልጋለሁ። እንሶስላ ያሉት እዚህ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። እንዲያውም ጓሮዎ ሲነግሩኝ ለእሱ የተዘጋጀ መሰለኝ። ግን ሥሩን ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ። ያ ቦታ ከቤቱ በየት በኩል ነው? አዲስ አበባ ውስጥ አቅጣጫ ለማወቅ ብዙ መቸገር የለም። ጓሮው ላይ ቆመው ቤቱ ከኋላዎ፣ እንጦጦ ፊት ለፊትዎ ከሆነ ሰሜን በኩል ነው ማለት ነው።

ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ላይ ናት። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አታልፍም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። ታኅሣሥ ላይ 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ በቀትር ወደ ሰሜን 2 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ሰኔ ላይ ያው ግድግዳ ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ሰሜን በኩል ያለ ጓሮ በበጋው፣ አየሩ ደርቆ ፀሐዩ በሚያቃጥልበት ጊዜ፣ ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ወደ እሱ የምትዞረው ወደ ክረምቱ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ደመናው ይከልልለታል። ለእንሶስላ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም። የምፈራው ግንቦትን ብቻ ነው። ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ዞራለች፣ ዝናቡ ግን ገና አልጠነከረም። በዚያ ወር ለጋ ቡቃያ ካለ ጆንያ ወይም ቅጠላማ ቅርንጫፍ ይከልሉለት።

ጓሮው ወደ ምሥራቅ የሚያይ ቢሆንም ግድ የለም። የጠዋት ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት ቢያገኘው ደስ ይለዋል። ምዕራቡ ነው የሚያስቸግረው። እንደ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ የ9 ሰዓት ፀሐይ ለስላሳ ቅጠልን እንደ ጎመን ታጠወልገዋለች።

ስለ ተክሉ ትንሽ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ጠባዩን ያወቀ ሰው አይሳሳትበትም። እንሶስላ በተፈጥሮው የሚበቅለው በደጋና በወይና ደጋ ጫካ ውስጥ፣ በወንዝ ዳር፣ እርጥበት በማይጠፋበት ገደል ሥር ነው። ከእኛ ሌላ በኬንያና በዩጋንዳም ይገኛል። የሳይንስ ስሙ ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ነው፤ ስሙን ያወጣለት አሺል ሪሻርድ የተባለ ፈረንሳዊ የዕጽዋት ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቲንክቶሪያ የማቅለሚያ ማለት ነው፣ ከሥሩ የተነሣ። ኢምፔሸንስ ደግሞ ትዕግሥት የለሽ ማለት ነው። ፍሬው ሲበስል በጣት ነካ ሲያደርጉት ፈንድቶ ዘሩን ይረጫል። ቤትዎ ሕፃናት ካሉ አንድ በአንድ እየነኩ ሲያፈነዱ ይውላሉ፤ ይተዉአቸው፣ ዘሩንም ይዘሩልዎታል።

ግንዱ ወፍራም፣ ውኃ ያዘለ ነው፤ ሲመቸው እስከ 2 ሜትር ያድጋል። አበባው ትልቅና ነጭ ነው፣ መሐሉ ላይ ሐምራዊ መሳይ ጭረት አለበት። ከአበባው ጀርባ ረጅም ቀጭን ጅራት ይወርዳል። ወለላው ያለው እዚያ ጅራት ውስጥ ነው። ቀን ላይ ብዙም የማይሸተው አበባ ሲመሽ መዓዛው ይወጣል፤ ረጅም ምላስ ያላቸው የእሳት እራቶች ያንን ተከትለው ይመጣሉ። ለዚህ ነው ከሰው ዐይን ርቆ ጥግ ላይ እንዲተከል የማልወደው። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ይሁን፣ ወይም ማታ በሚያልፉበት በር አጠገብ። ነጭ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ይታያል።

አሁን ወደ አፈሩ። በግድግዳና በአጥር መካከል ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ ላዩ አፈር ይመስላል እንጂ ሥሩ ሌላ ነው፤ ግንበኛ የጣለው የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ገረጋንቲ። እንሶስላ ይህን አይወድም። 40 ሴንቲ ሜትር ይቆፍሩ፣ ስባሪውን ያውጡ፤ ሲሚንቶ የተቦካበት ነጭ ነጭ የሚል አፈር ካገኙ ጨርሶ ያስወግዱት። ከዚያ ጥሩ አፈር፣ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ ጭቃው ከባድ ከሆነ ትንሽ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት። ፍጉ የበሰለ ይሁን። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል። የቡና አተላም ይጨምሩበት፣ ጎጂ አይደለም። መደቡን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉት፣ ምክንያቱም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃ የሚቋጥር ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሥር ይበሰብሳል። እርጥበት ይወዳል ማለት ውኃ ውስጥ ይቀመጥ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጣራዎ ቆርቆሮ ከሆነና አሸንዳ ከሌለው፣ ውኃው የሚወርድበት መስመር ላይ እንዳይተክሉ። እኔ መጀመሪያ የተከልኩት ልክ እዚያ ላይ ነበር። ደረቴ ድረስ ደርሶ ሊያብብ ሲል አንድ የነሐሴ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ከጣራው የወረደው ውኃ ግንዱን በሙሉ ሰባብሮት አደረ። ጠዋት ሳየው እንባዬ መጣ። ሥሩ ስላልተነካ በዓመቱ ተመለሰ፣ ያን ዓመት ግን አበባ አላየሁም። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ ራቅ ይበሉ፣ የጠብታውን መስመር ደግሞ በዝናብ ቀን ወጥተው ይዩት።

ሥሩን ከየት ላምጣ ይሉ ይሆናል። በጣም የሚሻለው ከሚያውቁት ሰው ጓሮ ነው፤ ጎጃም ወይም ሌላ ደጋ አገር ዘመድ ካለዎት ይጠይቁ። ገበያ ላይ ለመሞቂያ የሚሸጠው ደርቆ ከተጨማደደ አይበቅልም። የሚፈልጉት ሲነኩት እንደ ድንች ጠንከር ያለ፣ አናቱ ላይ ቢያንስ አንድ ዐይን፣ ማለት ቡቃያው የሚወጣበት ነጥብ፣ ያለበት ነው። ከጫካ ቆፍረው እንዳያመጡ እለምንዎታለሁ። የጫካው እየተቆፈረ ካለቀ የሚተካው የለም። አገር በቀል ዕጽዋትን ቆሞ ማየትና መጠየቅ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የጉለሌ የዕጽዋት ማዕከል ቅርባችን ነው።

መትከያው ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። ዐይኑን ወደ ላይ አድርገው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩት። በአንዱና በሌላው መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፣ ይሰፋል። ከዚያ ላዩን ይጎዝጉዙ። ደረቅ ቅጠል ይሆናል፤ ለቡና የተጎዘጎዘው ቄጤማም ይሆናል። እኔ ቡና በተፈላ ማግስት ቄጤማውን ሰብስቤ ቀጥታ ወደ እንሶስላው ነው የምወስደው። እርጥበቱን ይይዛል፣ ሲበሰብስም አፈር ይሆናል።

ክረምቱን ውኃ አይጠይቅዎትም። ከመስከረም በኋላ ግን፣ እያበበ ዝናቡ ሲቆም፣ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ያጠጡት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውኃ ይበቃዋል። በረኪና ወይም ብዙ ሳሙና የነካው ግን አይቅረበው። ቅጠሉ ላይ ክሽክሽ ካዩ፣ ማለት ለጋው ጫፍ ላይ የተከማቹ ጥቃቅን ነፍሳት፣ በውኃ ጠርገው ያውርዷቸው፤ እምቢ ካሉ በጣም የቀጠነ የሳሙና ውኃ ማታ ላይ ይርጩ። ቀንድ አውጣው ያስቸግርዎታል፣ ሽበት ባለበት ድንጋይ አይጠፋም። ከመሸ በኋላ በባትሪ እየለቀሙ ማስወገድ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። በየሁለት ቀኑ ሳምንት ከለቀሙ በግልጽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ካዛንቺስ ነው የምንኖረው። አምና ሰኔ ላይ ከዘመድ የመጣ የእንሶስላ ሥር ተከልን። መስከረም ላይ አበባው ጉድ ነበር። ከኅዳር በኋላ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ልፍስፍስ ብሎ ወደቀ፣ ጥር ላይ መሬቱ ባዶ ቀረ። ባለቤቴ ሞቷል ብላ ቦታውን ለቆስጣ ትፈልገዋለች። እኔ ደግሞ ልቤ እምቢ አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። ተክሉ ተኝቷል።

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ይመጣልኛል። ስንት እንሶስላ በሕይወቱ እያለ ተነቅሎ ተጥሏል መሰላችሁ! እንሶስላ በጋውን የሚያልፈው እንዲህ ነው። ዝናቡ ሲቆምና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለውን ይተወዋል፣ ያጠራቀመውን ኃይል ወደ ሥሩ ይሰበስባል፣ መሬት ውስጥ ሆኖ ክረምትን ይጠብቃል። ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ታሞ ሳይሆን ወቅቱ ደርሶ ነው። ቢጫ ሲሆን ቶሎ አይቁረጡት፤ ግንዱ ራሱ ደርቆ እስኪለቅ ይታገሡ፣ ሥሩ እየተመገበ ያለው ከዚያ ነው።

ጥርጣሬ ካለዎት በአንድ በኩል በጣትዎ ጫር አድርገው ሥሩን ይንኩት። ጠንካራ ከሆነ ደኅና ነው፣ መልሰው ይሸፍኑት። ከለሰለሰና ከሸተተ በስብሷል፤ የዚያ ጥፋት ብዙ ጊዜ ውኃ ማብዛት ነው። ተኝቶ ሳለ በሦስት ሳምንት አንዴ አፈሩን ርስ ማድረግ ብቻ ይበቃል፣ ጉዝጓዙ እንዳይነሣ። ለዚህም ነው ቆስጣው እዚያ ላይ የማይሆነው። ቆስጣ በየጊዜው ውኃና ኩትኮታ ይፈልጋል፣ ውኃው ሥሩን ያበሰብሳል፣ መኮትኮቻው ደግሞ ይቆርጠዋል። በዚያ ላይ ቆስጣ ፀሐይ ይወዳል፣ ጥላ ውስጥ ቅጠሉ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ለባለቤትዎ ፀሐይ የሚያገኝ መደብ ያዘጋጁላት። የእንሶስላው ቦታ ላይ ደግሞ እንጨት ይትከሉ ወይም ድንጋይ ይክበቡ፣ ጓሮ ሊያጸዳ የመጣ ሰው ሳያውቅ እንዳይቆፍረው።

የበልጉ ዝናብ ጥሩ ከሆነ መጋቢት ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ዝናቡ ቢያቋርጥ እርስዎ ያጠጡት፣ የነቃን ተክል በጥም መልሶ ማስተኛት ይጎዳዋል። ካልሆነ ግንቦትን ወይም ሰኔን ይጠብቁ። ቡቃያው ወፍራም ሆኖ ቀላ ብሎ ሲወጣ ባለቤትዎን ጠርተው ያሳዩአት።

ሰፊ ግቢ ላላቸው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጓሮው ውስጥ የአፈር ክምር እየታየ ከሆነ ፍልፈል አለ ማለት ነው፣ ፍልፈል ደግሞ ሥር በላ ነው። ስትተክሉ ጉድጓዱን ከሥርና ከጎን በወንፊት ሽቦ አልብሱት። ከተተከለ በኋላ ማዳን ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ነኝ። የእኔ እንሶስላ አይደለም፣ ክሊቪያ ነው። አራት ዓመቱ ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጤነኛ፣ በረንዳው ጥላ ውስጥ የተቀመጠ። አበባ ግን አንድ ቀን አላየሁም። ትልቅ ሳክሲያ ውስጥ ላዛውረው?

መልስ፦ አታዛውሪው። ክሊቪያ ሥሩ ሲጣበብ ነው የሚያብበው፤ ሰፊ ቦታ ካገኘ ቅጠልና ሥር ሲያወጣ ይከርማል። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ እዚያም በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፣ አበባ ከመያዙ በፊት ቀዝቃዛና ደረቅ የዕረፍት ጊዜ ይፈልጋል። እኛ አገር ያ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር በራሱ ይመጣል። የምናበላሸው እኛው ነን፣ አዝነን እያጠጣን። በእነዚህ ወራት ውኃውን እጅግ ቀንሺ፣ ወደ ቤት አታስገቢው፣ ብርዱ ይንካው። የአበባው ዘንግ ከቅጠሎቹ መሐል ብቅ ሲል ያን ጊዜ ማጠጣት ጀምሪ። ከዘር የበቀለ ከሆነ ግን አራት ዓመት ገና ሊሆን ይችላል፣ አንድ ዓመት ጨምሪለት። ሕፃን ወይም ውሻ ካለ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ሲበላ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ እታለም፣ እንደምን ከረምሽ። የእኔ ጥያቄ ስለ አበባው ሳይሆን ስለ ሥሩ ነው። ግቢያችን ውስጥ አምስት ዓመት የሆነው እንሶስላ አለ። የወንድሜ ልጅ ጥር ላይ ትዳራለች፣ እኔም እንሶስላ እንድትሞቅ እፈልጋለሁ፣ የገዛ ግቢያችንን። ሥሩን ስቆፍር ተክሉ እንዳይሞትብኝ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ደብዳቤዎን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እንሶስላ ገዝቶ መሞቅና ከገዛ ጓሮ ቆፍሮ መሞቅ አንድ አይደለም።

ጊዜው ራሱ አግዞዎታል። ጥር ላይ ተክሉ ተኝቷል፣ ሥሩም በዚያ ወቅት ነው ሞልቶ የሚገኘው። ክረምት ላይ ቢሆን ኖሮ አይንኩት እልዎት ነበር። አምስት ዓመት የቆየ ከሆነ ከአንድ በላይ ሥር አለው። በአንድ በኩል ብቻ ይክፈቱት፣ ከተክሉ አናት አንድ ክንድ ራቅ ብለው ጀምረው በእጅ እየጠረጉ ይግቡ። አካፋ አይጠቀሙ። ከጎን ያሉትን ወፋፍራሞቹን ይውሰዱ፤ ዐይን ያለበትን መሐለኛውን ክፍል ግን አይንኩ። እኔ ከአንድ ተክል ከሲሶ በላይ አልወስድም፣ ከወሰድኩም በኋላ ቀጣዩን ዓመት አሳርፈዋለሁ። የተቆረጠበትን ላይ አመድ ነስነስ አድርገው አንድ ቀን በጥላ ክፍት ይተዉት፣ ቁስሉ ሲደርቅ አፈሩን ይመልሱ፤ ለሁለት ሳምንት ውኃ አያጠጡ።

አሞቃቀሙን እኔ አልነግርዎትም፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ልጦ መውቀጡን፣ ጠቅልሎ ማሳደሩን፣ ቀለሙ እንዲደምቅ መደጋገሙን። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቶሎ እንዲጠቁር ብሎ የጸጉር ማጥቆሪያ ዱቄት መቀላቀልን አንዳንድ ቦታ አይቻለሁ። ይህን ለሙሽራ እጅ አያድርጉት። በዚያ ዱቄት ውስጥ ያለው ኬሚካል ቆዳ ያቆስላል፣ ያሳብጣል። እንሶስላው ለብቻው በቂ ነው። ከዚህ በፊት ሞቃ የማታውቅ ከሆነም ከሳምንት በፊት ክንዷ ላይ ትንሽ ይሞክሩላት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኛ ድሮ ፒያሳ ነበርን። ሰፈራችን ሲነሣ እናቴ ከዕቃው ሁሉ በፊት የቆፈረችው ከኩሽናው ጀርባ የነበረውን እንሶስላ ነው። አያቴ የተከለችው ነበር። አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሥሩ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ አለ፣ ሁለት ዐይን አለው። በረንዳችን ወደ ምዕራብ ነው። እናቴ አፈር የሌለበት ቤት አይበቅልም ብላ ተስፋ ቆርጣለች። ይበቅላል?

መልስ፦ ይበቅላል፣ የኔ ልጅ። ግን ካርቶኑ ውስጥ ብዙ አታቆዩት። አሁኑኑ ክፈቺና ሥሩን እዪው። መጨማደድ ከጀመረ ጋዜጣውን አውጥተሽ እርጥበት የነካው አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ውስጥ ቅበሪው፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው። እስከ ግንቦት እዚያ ይቆያል። በየሁለት ሳምንቱ ነካ እያደረግሽ አረጋግጪ፤ የለሰለሰ ቁራጭ ካለ በንጹሕ ቢላ ቆርጠሽ ጣዪው፣ ሌላውን እንዳያበላሽ።

ለመትከል 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ወይም አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ከዚያ ያነሰ አይሁን፣ ሥሩ ይወፍራል። የባልዲውን ታች አምስት ስድስት ቦታ ብሺው፣ ጠጠር ወይም የገል ስባሪ አንጥፊበት፣ ከዚያ አፈርና ብስባሽ እኩል በእኩል። ከባልዲው በታች ሳሕን አስቀምጪ፣ ውኃው ለታች ቤት ሰው ልብስ እንዳይተርፍ። ሳሕኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ግን ድፊው።

የምዕራቡ ፀሐይ ነው ዋናው ችግርሽ። ባልዲውን ከበረንዳው ግንብ ሥር፣ ፀሐዩ ከማይደርስበት ከዝቅተኛው ጥግ አስጠጊው። ከዚያ ግንባታ ላይ የሚጋርዱበትን አረንጓዴ መረብ አንድ ሁለት ሜትር ገዝተሽ ከ8 ሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ወጥሪበት። ጠዋት ብርሃን ያገኛል፣ ከሰዓት መረቡ ይከላከልለታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነፋስ አለ፣ ግንዱም እንደ ሸንኮራ ቀጭ ብሎ ነው የሚሰበረው፤ ገና አንድ ክንድ ሲሆን ሸምበቆ ተክለሽ በለስላሳ ጨርቅ እሰሪው። ባልዲ ውስጥ ያለ አፈር ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ ዝናብ በማይገባበት በረንዳ ላይ ክረምትም ቢሆን ጣትሽን እየከተትሽ እዪ። አንድ የጣት አንጓ ድረስ ከደረቀ አጠጪ።

እንግዲህ ሁለት ዐይን አለው ብለሻል። ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ አትትከዪ። እያንዳንዱ ዐይን የራሱ ሥር እንዲይዝ አድርገሽ ለሁለት ቁረጪው፣ ቁስሉን አመድ አስነክተሽ አድርቂው። አንዱን በረንዳችሁ ላይ፣ ሌላውን ግን ምድር ቤት ላለ ጎረቤት ወይም ግቢ ላለው ዘመድ ስጪ፣ መሬት ላይ ይተከል። የአያትሽ ተክል ነውና አንድ ባልዲ ላይ ብቻ አትጣዪው። ሐምሌ ላይ ሲያድግ ደግሞ አንድ ስንዝር የሚሆን የግንድ ጫፍ ከአንጓው ሥር ቆርጠሽ፣ የታች ቅጠሎቹን አንሥተሽ፣ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቁሚው። ሥር ሲያወጣ አፈር ውስጥ ትከዪው፣ ሦስተኛ ተክል ይሆንሻል።

መጀመሪያው ዓመት ላይ ላያብብ ይችላል፣ ተነቅሎ ስለመጣ ነው። ቅጠል ካወጣ ግን ይዟል። እናትሽ ባልዲውን ስትሞላ አጠገቧ ሁኚ፤ ዐይኑ ወደ የት እንደሚዞር እሷ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች።